የሄዱት ሰዎች ፎቶ ማኖሪያ

አንድ አባት የልጁን ፎቶ አይቶ አልፎታል። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ የኔ ነው። እኔም ብሆን ክፉ አስቤ አይደለም፤ ርካሽ ቦታ ስፈልግ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ አሳጥሬ እናገረዋለሁ። ሲጽፉት ግን ይረዝማል።

መተማ አጠገብ ባለችው ገንዳ ውሃ ፎቶ ቤት የከፈትሁት ሚሊኒየሙ ሊከበር ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ጎንደር ውስጥ በአንድ መንገድ ላይ አምስት ፎቶ ቤት ተደርድሮ ደንበኛ ሲሻማ አየሁና፣ ቆላ ብወርድ ሙቀቱን ችሎ የሚፎካከረኝ አይኖርም ብዬ ወረድሁ። ግምቴ ልክ ነበር። ሙቀቱን እኔም አልቻልሁትም፤ ተሳድቤ ተሳድቤ ለመድሁት።

ሥራዬ በወቅት ነበር። በክረምት ለአረም፣ በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል። አውቶቡሱ መናኸሪያ ካራገፋቸው በኋላ የእርሻ ባለሀብቶቹ ወኪሎች መጥተው በትራክተር ተጎታች ጭነው ወደ ካምፕ እስኪወስዷቸው አንድ ሁለት ቀን ከተማ ውስጥ ይቆያሉ። በነዚያ ቀናት ፎቶ መነሣት ልማድ ነበር። አንዱን ቅጂ ወደ አገር ለሚመለስ ሰው ሰጥተው ይልካሉ፤ ሌላውን እኔው ዘንድ ይተዉታል። ለምን እንደሚተዉት ብዙዎቹ አይናገሩም። አንዱ ብቻ፣ ምናልባት ጠያቂ ከመጣ ብሎ እንደሆነ ነገረኝ። ወባ አለ፣ ካላዛር አለ፣ ማዶ አለ። ማዶ የምንለው ሱዳንን ነው። መተማ ላይ ድልድዩን ሲሻገር «አንድ ወቅት ሠርቼ እመለሳለሁ» ያለ ሰው ስንት ወቅት እንደሚቀር የሚያውቅ የለም።

ግድግዳዬ ላይ ከሳልቫጅ ተራ የገዛሁት አንድ ልባሽ ጥቁር ኮት ተሰቅሎ ነበር። ለሙሽሮች ብዬ ገዛሁት፤ ሠራተኞቹ ወረሱት። ለረጅሙ እጅጌው ያጥረዋል፣ አጭሩን ጣቱ ድረስ ይውጠዋል፤ ፎቶው ከደረት በላይ ስለሆነ ማንም አያውቅባቸውም። ያን ኮት ሳይለብስ የተነሣ አንድም ሠራተኛ አላስታውስም። እኔ ከጊዜ በኋላ ኮቱን ማየት ተውሁ። ካሜራውን ሳነሣ የሚታየኝ ፊት ብቻ ነበር።

ስምም አልጽፍም ነበር። ቆላ የገባ ሰው በስሙ አይጠራም። ካምፕ ውስጥ ጎጃሜው፣ ወሎየው፣ ቀዩ፣ ጥርሶ ይባባላሉ። ደም ያለበት አለ፣ ከቤተሰብ ተቀያይሞ የወጣ አለ፣ እውነተኛ ስም መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ከፎቶው ጀርባ የምጽፈው የመጣበትን አገርና ወቅቱን ብቻ ነበር።

ጠያቂው መምጣቱ አልቀረም። መናኸሪያ ላይ ወርደው «ልጄን ያየ» እያሉ ሲዞሩ አንዱ ባጃጅ ነጂ ይዟቸው ወደኔ ይመጣል። የፎቶ ካርቶኔን አውጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ጊዜ ወንድሙን ፍለጋ ከወሎ ሦስት ቀን ተጉዞ የመጣ ሰው ካርቶኑን በግማሽ ሰዓት አገላብጦ ጨረሰና፣ አመስግኖኝ፣ ወደ መናኸሪያው ተመለሰ። እሱ ከሄደ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስጣላ ዋልሁ። ለግማሽ ሰዓት ሥራ የስድስት ቀን መንገድ! ድረ ገጽ የማበጀት ሐሳብ የመጣልኝ ያን ዕለት ነው።

በዚያን ጊዜ ወደ ዲጂታል ካሜራ ዞሬ ነበር። ሁለተኛውን ቅጂ በወረቀት ማተሙንም ትቻለሁ፤ ኮምፒውተር ውስጥ አለ ብዬ። ለሠርግ የገዛሁት የቪዲዮ ካሜራም ስለነበረኝ ፎቶ የተነሣውን ሁሉ አሥር አሥር ሰከንድ በነጻ እቀርጸው ጀመር። ለቤተሰብህ የምትለውን በል እለዋለሁ። ያ ሁሉ ኮስታራ ጎረምሳ ካሜራ ፊት ሲቆም ሕፃን ይሆናል። አንዱ ደህና ነኝ ማለቱን ረስቶ ላሚቱ ወለደች ወይ ብሎ ጠየቀ።

ጎንደር ላይ ሦስት ወር ተምሬ ስለነበር ገጹን ራሴ ሠራሁት። አስቀያሚ ነው፣ ግን ይሠራል። አገሩንና ወቅቱን ሲመርጡ ፊቶች ይደረደራሉ። አድራሻውን ማኅተም አስቀርጬ በየፎቶው ጀርባ መታሁ። ቸግሮኝ የነበረው ፎቶውንና ቪዲዮውን የት እንደማኖረው ነው። ፊደል ቦታ አይፈጅም። ፊት ይፈጃል፤ የሚናገር ፊት ደግሞ የባሰ ይፈጃል።

መጀመሪያ የሞከርሁት ነጻውን ነው። የውጭ ድርጅት ነበር፤ ቦታ በነጻ ሰጥቶ ወጪውን በማስታወቂያ ያወጣል። ጭኜ ጨርሼ ስከፍተው ከአረም ሠራተኞቼ ጎን የውስጥ ልብስ ብቻ የለበሱ ሴቶች ይስቃሉ። ባሏን የምትፈልግ አንዲት የደብረ ታቦር ሴት ያን ጊዜ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከነዚህ ጋር ነው ያለው ብላ ጠየቀችኝ። ማስታወቂያ ምን እንደሆነ እስኪደክመኝ ባስረዳት አላመነችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በማግሥቱ ሁሉንም አወረድሁ።

ቀጥሎ ፎቶ ብቻ የሚያኖር ሌላ ነጻ ቦታ አገኘሁ። ማስታወቂያ የለውም፤ ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት መቶ ፎቶዎች ብቻ ነው የሚያሳየው። ከዚያ በላይ ሲሆን አሮጌው ይሰወራል። የሽርሽር ፎቶ ለሚያኖር ሰው የተሠራ ሕግ ነው፤ የአምናውን ማን ያያል ብለው ይሆናል። እኔ ዘንድ የሚፈለጉት ግን የቆዩት ናቸው። ጥቅምት ላይ ሃምሳ አዲስ ሰው ስጭን ቀድመው የሄዱት ሃምሳ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ጠፉ። ከእጅ አይሻል ዶማ አልሁና እሱንም ተውሁት።

የሚከፈልበት ደህና ቦታ ሞልቷል፤ ዋጋውም የሚያስፈራ አልነበረም። የሚፈልጉት ግን ዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ባንክ ሄጄ ስጠይቅ ልጅቷ አሳዘንኋት መሰል፣ ለኛ አገር ሰው እንዲያ ያለ ካርድ እንደሌለ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ማዶ ሰሊጥ የሚነግድ አንድ የታወቀ ሱዳናዊ ነበር፤ የሁለት አገር ስልክ ይዞ የሚዞር። ድልድዩ ድረስ ወርጄ በሱ ካርድ እንዲከፍልልኝ ለመንሁት። ሳቀ። «ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣» አለኝ፣ «እኛስ ማዕቀብ አለብን፤ የኛ ካርድ የትም አይሠራም።» የሁለታችንም አገር የማይታመንበት ድንበር ላይ ቆሜ አብሬው ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ አልነበረም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ ሰርቨር ላይ ቦታ ተከራይቶ እየሸነሸነ በብር የሚሸጥ ነጋዴ አገኘሁ። «ቦታው ያልተገደበ ነው» አለኝ በስልክ። የዓመቱን ከፈልሁት። የኔ ቤት ኢንተርኔት አንድ ቪዲዮ ለመስቀል ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ መብራት እልም ሲል ደግሞ ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ ሁሉን በፍላሽ ገልብጬ በአውቶቡስ ጎንደር ወጣሁና ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ እጭን ጀመር። ገና ሃያኛው ቪዲዮ ላይ ሳልደርስ ነጋዴው ደወለ። ያልተገደበ ማለት በልክ ለሚጠቀም ሰው ነው አለኝ። ሌሎቹ ደንበኞቹ በኔ ምክንያት ገጻቸው አልከፈት ብሏቸዋል። ቪዲዮዎቹን ካላወረድሁ፣ ፎቶዎቹንም ካላሳነስሁ እንደሚዘጋብኝ አስጠነቀቀኝ።

ተሳደብሁ፣ ከዚያ እሺ አልሁ። ቪዲዮዎቹን አወረድሁ፤ ሠራተኞቹን መቅረጹንም ተውሁ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳነስኋቸው፤ ፊታቸው የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል። ይህም ከምንም ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጥር ደረሰ። በጥር እኛ ዘንድ ሰሊጡ ተሸጦ ሠርግ በሠርግ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሬም ሞልቶ አልንቀሳቀስ አለ። የሠራተኞቹ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አለ ብዬ ትልልቆቹን አጠፋኋቸው። የቪዲዮ ካሴቶቹን ሠርግ ቀረጽሁባቸው፤ ካሴት በየጊዜው አዲስ አይገዛም። ሲዲ ላይ የገለበጥኋቸውም ነበሩ፤ የገንዳ ውሃ ሙቀት ገጻቸውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አነሣው። ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር አይጠፋም ሲባል እሰማ ነበር፣ አመንሁ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለኔ ነው።

ፈጽሞ አልጠቀመም ብል እዋሻለሁ። አንዲት እኅት ወንድሟን በዚያች ጥፍር በምታህል ፎቶ አውቃ፣ አብርሃ ጅራ በሚባል አገር ካለ አንድ እርሻ ላይ አግኝታው ይዛው ሄደች። ያን ዓመት ሙሉ ያኮራኝ ይኸው ነው።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ፣ ሙሽራ ወንበር ላይ አስቀምጬ መብራት ሳስተካክል ስልኬ ጮኸ። ከጎጃም አንድ አስተማሪ ነበር። የቀበሌያቸው ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ አጠገቡ እንዳሉ፣ ልጃቸው ከወጣ አራት ዓመት እንደሆነው፣ ገጼን በላፕቶፑ ከፍቶ የጎጃሞቹን ሁሉ እንዳሳያቸው ነገረኝ። አንዱ ላይ ቆመው ነበር አለ። ለማጉላት ሲሞክር ፊቱ ጠጠር ጠጠር ሆነ። ኋላ አይደለም አሉ፤ ሁሉም ደህና የለበሱ ናቸው፣ የሳቸው ልጅ ኮት የለውም።

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሙሽራዋ ላቧ ሜካፑን እያፈሰሰባት እኔን እኔን ታያለች። «እሺ፣ እግዜር ያገናኛቸው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የተሰቀለው ኮት ከትከሻዬ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። አንዲት ቃል ብናገር፣ ኮቱ የኔ ነው ብል፣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልመጣልኝም።

ከዚያ ስልክ በኋላ፣ በዓመቱ፣ ነጋዴው ጠፋ። ገጹ አንድ ቀን ሰኞ አልከፈት አለ፤ የሱም ስልክ አገልግሎት አይሰጥም። ከሰርቨሩ ባለቤቶች ጋር የተዋዋለው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም፣ የምጽፍለት አድራሻ እንኳ አልነበረኝም። ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከፈትሁ፤ ነጭ ገጽ ነበር።

ሽማግሌው የመጡት ከዚያ አራት ወር ቆይተው ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጋቢያቸውን በዚያ ሙቀት ያላወለቁ። ከማዶ የተመለሰ የአገራቸው ሰው፣ ከልጃቸው ጋር አንድ ቀን እኔ ቤት ፎቶ እንደተነሡ፣ ልጁ ድልድዩን ተሻግሮ ከዚያ ወዲህ እንደተለያዩ ነግሯቸው ነበር። ፎቶው እዚህ ካለ በትልቁ ላየው ብለው ነው የመጡት። ውኃ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቀረ።

«ይኸ ኮት የማን ነው?»

«የቤቱ ነው አባባ።»

«ማን ይለብሰዋል?»

«ፎቶ የሚነሣው ሁሉ» አልሁ። ያን ጊዜ የአስተማሪው ስልክ ትዝ አለኝ።

የውኃውን ብርጭቆ ሁለት እጃቸው መሐል ያዙት፣ አልጠጡም። ከዚያ ለኔ ሳይሆን ለብርጭቆው የሚናገሩ መስለው፣ «እኔ ያለፍሁት» አሉ፣ «ኮት የሚገዛበት ቢያገኝ መጀመሪያ ለኔ ነበር የሚልከው ብየ ነው። ልጀን አውቀዋለሁ። ለራሱ አስቀድሞ አይለብስም። ፊቱማ እሱን መስሎኝ ነበር።»

አሳይኝ አሉኝ። የማሳያቸው ነገር አልነበረኝም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ባዶውን ፈለግሁ፤ እሳቸው አጠገቤ ቆመው ሲጠብቁ እጄን የማሳርፍበት አጥቼ ነው እንጂ እንደሌለ አውቃለሁ። ካርቶኑን አወጣሁ፤ የሳቸው ልጅ የመጣው ማተም ከተውሁ በኋላ ነው። በመጨረሻ እውነቱን ነገርኋቸው። ቦታ ስላጣሁ አሳነስሁት፣ ቦታ ስላጣሁ አጠፋሁት አልሁ። ቦታ የሚለውን ቃል እንዴት እንደሰሙት አላውቅም። ገንዳ ውሃ ዙሪያ እስከ ድንበሩ ድረስ ሜዳ ነው፣ ሰሊጥ ብቻ የሚታይበት። እዚያ ላይ ቆሞ ቦታ አጣሁ የሚል ሰው ምን ይባላል? እሳቸው ግን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ድምፁስ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ፤ ያ የአገራቸው ሰው እየተናገርን ቀርጻናለች ብሏቸው ኖሯል። ድምፁንም ሠርግ ቀርጬበታለሁ ማለት አቃተኝ። የለም አልሁ።

ሲነሡ፣ እሳቸውን እንድቀርጻቸው ለመኑኝ። እሱ ባይገኝ እኔን ያግኘኝ አሉ። ካሜራውን ተከልሁ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ካሜራውን ሳይሆን እኔን እያዩ እንዲህ አሉ፦ «ልጀ፣ አባትህ ነኝ። አይቸህ አለፍሁህ። አላወቅሁህም ነበር። አሁን አውቄሃለሁና ና።» አሥር ሰከንድም አልሞላም። ሌላ የሚጨምሩት እንዳለ ጠየቅኋቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ መናኸሪያው ስሸኛቸው መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናብ ነበር የምናወራው።

ያን ቪዲዮ በሦስት ፍላሽ ገለበጥሁት። አንዱን ጎንደር እናቴ ቤት አስቀመጥሁ። ሰው ዘግይቶ ይጠነቀቃል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ደህና ኢንተርኔት በስልክ ገንዳ ውሃ ገባ። ያን ጊዜ ቪዲዮ በነጻ የሚያኖሩት ትልልቆቹ ቦታዎች ለኛም ተከፈቱ፤ ካርድ የለ፣ ገደብ የለ፣ የማንም ነጋዴ ደጅ መጥናት የለ። ስንት ዓመት የለመንሁትን ቦታ አንድ ከሰዓት በኋላ ደጄ ላይ ቆሜ በነጻ አገኘሁት። የማኖረው ግን አንድ ቪዲዮ ብቻ ነበረኝ። ሰቀልሁት። ከሥሩ የቀበሌውን ስም ጻፍሁ። አድራሻውን ለአስተማሪው ላክሁለት፤ ማዶ ለሚሻገር ሹፌር ሁሉም ገላባትና ገዳሪፍ በሚባሉት የማዶ ከተሞች ላሉ ሠራተኞች እንዲያሳይልኝ ሰጠሁ።

ስንት ጊዜ እንደታየ ከሥሩ ቁጥር ይጽፋል። ለወራት ያ ቁጥር የኔ ብቻ ነበር፤ በከፈትሁት ልክ ነው የሚጨምረው። እንዳልታለል ብዬ መክፈቱን ተውሁ፣ ከውጭ ሆኜ ቁጥሩን ብቻ ማየት ጀመርሁ። ከዚያ አንድ ሳምንት በአንድ ጨመረ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ደገመ። በየሳምንቱ አንድ፣ አንዲት ሳትዛነፍ። አንድ ሰው አለ፣ የትም ይሁን የት፣ ሥራ በማይገባበት ቀን ስልክ ተውሶ ይኸን ሽማግሌ የሚያይ ሰው አለ ብዬ አመንሁ። ጎረቤቴ ሻይ ቤት ገብቼ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዝሁ። ከዚያ ለሽማግሌው እንዲነግራቸው ለአስተማሪው ደወልሁ።

አስተማሪው ሰምቶኝ ጨረሰና «እሳቸው ናቸው» አለኝ። «በገበያው ቀን ይመጣሉ፣ በስልኬ ከፍቼ አሳያቸዋለሁ። ልጁ መልስ ተናግሮ እንደሆነ ብለው ነው። ከዚያ ስንት ሰው አየው ይሉኛል፣ ቁጥሩን አነብላቸዋለሁ። ሲጨምር ደስ ይላቸዋል። የሚጨምሩት እሳቸው እንደሆኑ አልነገርኋቸውም። ልንገራቸው እንዴ?»

አትንገራቸው አልሁት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አለፈ። ቁጥሩ በየሳምንቱ አንድ እየጨመረ ሄደ። አንድ ገበያ ሳይጨምር ቀረ። ታመው ይሆናል አልሁ። ሁለተኛው ገበያም ቀረ። አስተማሪው ዘንድ ለመደወል ስልኩን ስንት ጊዜ አንሥቼ መለስሁት። በሦስተኛው ሳምንት፣ ቁጥሩ ባለበት እንዳይቆም፣ እኔው ከፍቼ እስከ መጨረሻው አየሁት።